የመስኮቱ ብርሃንና የደረቀው ሐረግ

የደረቀ ተክል ማን ያየዋል? ማገዶ ለቃሚዋ ታየዋለች፤ ልታነደው ነው። ገበሬው ያየዋል፤ ዘሩን አራግፎ ገለባውን ለከብት ሊያቀርብ ነው። መድኀኒት ቀማሚው ያየዋል፤ ሊወቅጠው ነው። አንድ ሰው ግን የደረቀ የአረም አገዳ ከመንገድ ዳር ለቅሞ ወደ ቤት ቢያስገባ፣ ከመስኮት አጠገብ አቁሞ እያዞረ ሲመለከተው ቢውል፣ በማግስቱም ሌላ አገዳ ይዞ ቢመጣ፣ ጎረቤት «ይህ ሰው ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም።

በበርሊን ከተማ ከ30 ዓመት በላይ እንዲህ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነበር። ስሙ ካርል ብሎስፌልት ይባላል። ሙያው መምህርነት ነው። ራሱን ከፎቶግራፍ አንሺዎች ተርታ አይቆጥርም ነበር። ዛሬ ግን የፎቶግራፍን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስሙን ሊዘለው አይችልም። ይህ ሰው ያነሣው የንጉሥ መልክ ወይም የጦር ሜዳ አይደለም። ከባቡር ሐዲድ ዳር የተለቀመ አረም፣ የተጠቀለለ የዱባ ሐረግ፣ አናቱ ላይ ዘውድ የደፋ የሚመስል የዘር ከረጢት ነው። እንዴትና ለምን እንዳነሣው፣ በኋላም ሌሎች ሰዎች በሥራው ውስጥ ምን እንዳዩበት መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥላው ቀድሞ መጣ

ፎቶግራፍና ተክል የቆየ ዝምድና አላቸው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1834 ሌኮክ በተባለው ስፍራ በሚገኘው ቤቱ ሙከራውን ሲጀምር፣ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ቅጠል በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነበር። ወረቀቱን በጨው ውሃ ነክሮ የብር ናይትሬት ይቀባዋል፤ ቅጠሉን ከላይ ያጋድምና በመስተዋት ይጫነዋል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ብርሃን የነካው ወረቀት ይጠቁራል፤ ቅጠሉ የሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ታልቦት የዕፅዋት ጥናት ወዳጅ ነበርና ቅጠል መምረጡ አያስደንቅም። ግን ሌላም ምክንያት አለ። ያ ወረቀት ብርሃን የሚቀበለው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሊቀመጥ አይችልም፤ ቅጠል ግን ይችላል።

ከእሱ ቀጥላ የመጣችው አና አትኪንስ ናት። ይህች እንግሊዛዊት በ1843 የሀገሯን የባሕር አልጌዎች የሚያሳይ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረች። የደረቀውን አልጌ፣ ጆን ኸርሸል በ1842 ባገኘው ዘዴ የብረት ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ ታጋድመዋለች፤ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ በውሃ ታጥበዋለች። መደቡ ሰማያዊ ይሆናል፤ የአልጌው ቅርጽ በነጭ ወጥቶ ይታያል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት አልገባም፤ እያንዳንዱ ገጽ በእጅና በፀሐይ የተሠራ ነው። ሥራው አሥር ዓመት ፈጅቶ በ1853 ተፈጸመ። በፎቶግራፍ ሥዕል የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ እንደሆነ ይነገርለታል።

ይሁን እንጂ የታልቦትም ሆኑ የአትኪንስ ተክሎች ጥላ ናቸው። በዚህ ዘዴ ካሜራ የለም፤ ሌንስ የለም። ስስ ነገር ያምርበታል። ወፍራም የዘር ከረጢት ቢቀመጥበት ግን የሚገኘው ነጭ እድፍ ብቻ ነው። እብጠቱ፣ ጎድጓዳው፣ ጠጉሩ፣ እሾሁ አይታይም። አካል እንዲታይ ከተፈለገ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ከሌንሱም ይበልጥ ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን ያስፈልጋል። ብሎስፌልት የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ከብረት ማቅለጫ እስከ ሮም

ብሎስፌልት በ1865 ሃርትስ በተባለው የጀርመን ተራራማ አካባቢ፣ ሺሎ በምትባል መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ሜግደሽፕሩንግ በተባለ ስፍራ በነበረ የብረት ማቅለጫ ገብቶ የጌጣጌጥ ቅርጽ አወጣጥ ተማረ። በዚያ ዘመን የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የመንገድ መብራት ምሰሶ ሁሉ ቅጠልና ሐረግ ይቀረጽበት ነበር። እንግዲህ ይህ ወጣት ቅጠልን በሜዳ ብቻ ሳይሆን በብረትም አውቆታል ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወደ በርሊን ሄዶ በጌጣ ጌጥ ጥበብ ሙዚየም ትምህርት ቤት ተማረ። በዚያ ያገኘው ሞሪትስ ሞይረር የተባለ መምህር የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነው። ሞይረር አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። የጌጥ ተማሪዎች ቅጠል የሚሥሉት ከድሮ መጻሕፍት እየገለበጡ ነው። የመጽሐፉ ቅጠል ደግሞ ከሌላ ቅጠል የተገለበጠ ነው። የግልባጭ ግልባጭ እየተባለ ሲወርድ በመጨረሻ ቅጠሉ ቅጠልነቱን አጥቷል። ስለዚህ ተማሪው ወደ ምንጩ፣ ወደ ተክሉ ይመለስ አለ። የፕሩሲያ መንግሥትም ሐሳቡን ደግፎ ገንዘብ ሰጠ። ሞይረር በ1890ዎቹ መጀመሪያ ረዳቶቹን ይዞ ወደ ሮም ተጓዘ፤ ብሎስፌልት ከረዳቶቹ አንዱ ነበር። ተክል ይለቅማሉ፤ ያደርቃሉ፤ ቅርጹን በሌላ ነገር ያወጣሉ። ብሎስፌልት ተክልን በካሜራ ማንሣት የጀመረው በዚህ ሥራ መካከል ነው።

ወደ በርሊን ከተመለሰ በኋላ በተማረበት ትምህርት ቤት ከተክል ቅርጽ ማውጣትን ያስተምር ጀመር። ማስተማር የጀመረው በ1898 ገደማ ሲሆን ጡረታ የወጣው በ1930 ነው። ትምህርቱ ተክል ይፈልጋል። ተክል ግን እንደ ሰው ጠባይ አለው። ክረምት ሲገባ ይጠፋል፤ ጠዋት የተቀጠፈው ማታ ይጠወልጋል። ደግሞም ተማሪው እንዲያየው የሚፈለገው ነገር፣ ማለትም የእንቡጡ አናት ወይም የግንዱ አንጓ፣ ከጥፍር ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሃያ ተማሪ በአንድ ጥፍር በሚያህል ነገር ዙሪያ ሊሰበሰብ አይችልም። ብሎስፌልት ካሜራውን ያነሣው ለዚህ ችግር ነው። ፎቶግራፎቹ በክፍል ውስጥ የሚሰቀሉ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ልክ የጂኦግራፊ መምህር ካርታ እንደሚሰቅለው ማለት ነው።

የመስኮቱ ሥራ

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ብሎስፌልት የተጠቀመበት ካሜራ ራሱ ያበጀው እንደነበር ይነገራል። ፊልሙ ጥቅል አይደለም፤ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል የተቀባ መስተዋት ነው። ከተክሉ በስተጀርባ ነጭ ወይም ግራጫ፣ አንዳንዴም ጥቁር ካርቶን ይቆማል። ብርሃኑ በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ነው፤ ያውም ቀጥታ የፀሐይ ጨረር ሳይሆን ከሰማይ ተበትኖ የሚመጣው ለስላሳው። በቃ፤ መሣሪያው ሁሉ ይኸው ነው።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም እያንዳንዱ ምርጫ ምክንያት አለው። አንድን ትንሽ ነገር አቅርቦና አጉልቶ ማንሣት ብርሃን ይበላል። ምስሉ በመስተዋቱ ላይ ከነገሩ ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ብርሃኑ ሩቅ ነገር ሲነሣ ከሚኖረው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት እጥፍ እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። በዚህ ላይ ከፊት ያለው እሾህና ከኋላ ያለው ቅጠል እኩል ጥርት ብለው እንዲታዩ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ያስፈልጋል። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ብርሃኑ ይቀንሳል። ስለዚህ የሌንሱን ክዳን ከፍቶ በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

በእነዚያ ደቂቃዎች ተክሉ ቅንጣት ታህል መንቀሳቀስ የለበትም። ሜዳ ላይ ነፋስ አለ፤ ስለዚህ ተክሉ ወደ ቤት ይገባል። ቤት የገባ እርጥብ አበባ ደግሞ አንገቱን ይደፋል፤ ቅጠሉን ያጥፋል። ደረቁ ግን መንቀሳቀሱን ጨርሷል። ዛሬም ነገም፣ በመጪው ዓመትም እዚያው በቆመበት ይጠብቃል። ብሎስፌልት እርጥቡንም ደረቁንም አንሥቷል። በመጽሐፎቹ ውስጥ ከእንቡጡና ከቡቃያው ጎን ዴልፊኒየም የተባለው አበባ የደረቀ ቅጠል፣ ዲፕሳከስ የተባለው እሾህማ ተክል አገዳው ላይ እንዳለ የደረቀ ቅጠል፣ የፖፒና የኒጌላ የዘር ከረጢቶች ተሰልፈው ይገኛሉ።

ደረቁ ተክል ሌላም ጥቅም አለው። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ የፎቶግራፍ መስተዋቶች ለቀይ ቀለም ዕውር ነበሩ። ቀይ አበባ ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ተመልካቹም በቀለሙ የሚያውቀውን አበባ ቀለሙ ሲጠፋበት አላውቀውም ይላል። ደረቅ ተክል ግን መጀመሪያውኑ ቀለሙን ጥሏል። የቀረው አጥንቱ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚፈልገውም አጥንት ነው።

ብርሃኑስ? ቀጥታ ፀሐይ በደረቀ ቅጠል ላይ ሲያርፍ የነካውን ያነጣዋል፤ ያልነካውን ያጠቁረዋል፤ መካከል የለውም። ከመስኮት ተበትኖ የሚገባ ብርሃን ግን በአንድ ጎን ደመቅ ብሎ ይጀምርና በቅርጹ ላይ እየዞረ ቀስ በቀስ ይደክማል። ዓይን ክብነትን የሚያነበው ከዚህ ድካም ነው። የዘር ከረጢቱ ሆድ እንዳለው፣ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ እንደተጠቀለለ የሚነግረን ይኸው ከብርሃን ወደ ጥላ የሚደረግ ጉዞ ነው። ቅርጽ አውጪ ሆኖ የሠለጠነ ሰው ይህን በጣቱም ያውቀዋል። ብሎስፌልት በካሜራው ያደረገው ነገር ቀድሞ በእጁ ሲያደርገው የነበረው ነው።

ጊዜው ያለፈበት መምህር

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ እንግዳ መታጠፊያ ያደርጋል። ብሎስፌልት ተማሪዎቹን ጌጥ ሲያስተምር ዓለም ጌጥን እየተወች ነበር። በቪየና አዶልፍ ሎስ የተባለው አርክቴክት ጌጥን ከወንጀል ጋር አዛምዶ ተናገረ፤ ጻፈም። በ1919 በቫይማር የተከፈተው ባውሃውስ የሚባለው ትምህርት ቤት ወጣቶቹን ቀጥተኛ መስመርና ባዶ ግድግዳ አስለመዳቸው። ቅጠል የተቀረጸበት የብረት በር የአያት ዘመን ነገር ተደርጎ ታየ። ለዚያ በር ብሎ 30 ዓመት ተክል ሲያነሣ የኖረው መምህርስ ምን ሊሆን ነው?

መጥፋት ነበረበት። ነገር ግን ካርል ኒረንዶርፍ የተባለ የበርሊን የሥዕል ነጋዴ ፎቶግራፎቹን አየ። በ1926 ከአፍሪካና ከኒው ጊኒ የመጡ ቅርጻ ቅርጾች በቀረቡበት ትርኢት ላይ አብሮ አሳያቸው። በ1928 ደግሞ ኤርንስት ቫስሙት የተባለው አሳታሚ 120 ፎቶግራፎችን በመጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የኪነ ጥበብ ጥንተ ቅርጾች» እንደ ማለት ነው። መግቢያውን የጻፈው ኒረንዶርፍ ነበር። መምህሩ ያን ጊዜ 63 ዓመቱ ነው።

መጽሐፉ እጅግ ተወደደ። በ1929 በእንግሊዝኛ ወጣ። ጌጥን ያባረረው ባውሃውስ እንኳ በዚያው ዓመት ፎቶግራፎቹን በደሳው ለትርኢት አቀረበ። ይህ ለምን ሆነ? ወጣቶቹ በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ የአያቶቻቸውን የብረት በር አላዩም። ያዩት ያለ ጌጥ የተነሣ፣ ስሜት የማያስመስል፣ ባዶ ካርቶን ፊት የቆመ ነገር ነው። መምህሩ ለጌጥ ብሎ የሠራውን እነሱ የጌጥ ጠላት አድርገው ወደዱት። ሰው የዘራው አንድ ነገር ሆኖ ሌሎች ያጨዱት ሌላ ሲሆን በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ እንዲህ ባለ ሰላም የተጠናቀቀው ግን ጥቂት ነው።

አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት አንባቢ

ከአንባቢዎቹ ሁለቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያው ጀርመናዊው ሐያሲ ዋልተር ቤንያሚን ነው። በ1928 በጻፈው ሒስ እነዚህ ፎቶግራፎች የዓለምን መልክ የማየት ልማዳችንን እንደሚለውጡ ተናገረ። የአንዱን ተክል አንጓ ከጥንት ዓምድ ጋር፣ የፈርኑን ጥቅልል ቡቃያ ከጳጳስ በትር ጋር አመሳሰለው። ለቤንያሚን ጉልሕ ያደረገው ሌንስ አዲስ የሥዕል ዓለም ከፍቷል፤ ያ ዓለም ሁልጊዜም ከእግራችን ሥር ነበረ፤ እኛ ግን ለማየት ዓይን አልነበረንም።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው ዦርዥ ባታይ ነው። በ1929 «ዶኩማን» በተባለው መጽሔት ስለ አበቦች ቋንቋ ድርሰት ሲጽፍ የብሎስፌልትን ፎቶግራፎች አብሮ አወጣ። ቤንያሚን ዓምድና በትር ባየበት ቦታ ባታይ ሌላ ነገር አየ። ሰዎች አበባን የፍቅርና የንጽሕና ምልክት ያደርጉታል፤ የአበባው ቅጠል ሲነቀል ግን ከሥሩ የሚገኘው ጠጉራም የመራቢያ አካል ነው፤ ውበቱም ሳይውል ሳያድር በስብሶ አፈር ይሆናል አለ። አንዱ ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ሕንፃ ወጣ፤ ሌላው ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ጭቃ ወረደ። ፎቶግራፉ ግን ያው ነው። አነሺው መምህር ለሁለቱም አልጻፈም።

የመቀሱ ጉዳይ

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በእነዚህ ፎቶግራፎች ውስጥ የሚናገረው ተክሉ ነው ወይስ መምህሩ?

በዘመኑ ብዙዎች ተክሉ ነው አሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ራሱን ደብቆ ተፈጥሮ ራሷ እንድትናገር ፈቀደላት ተባለ። በኋላ ዘመን ግን ከሥራው ቤት የተረፉት ነገሮች ሲመረመሩ ነገሩ እንዲያ ቀላል እንዳልሆነ ታወቀ። ብሎስፌልት ያልፈለገውን ቅጠል በመቀስ ይቆርጥ ነበር። የመስተዋት ነጋቲቮቹን በእጁ ያስተካክል ነበር። በካርቶን ላይ ደርድሮ የለጠፋቸው ትንንሽ ፎቶግራፎች ተገኝተዋል። አንድ ዓይነት ተክል እየደጋገመ ሲያነሣ፣ ሲያወዳድር፣ ሲመርጥ እንደኖረ ያሳያሉ። ያነሣቸው ፎቶግራፎች 6000 ገደማ እንደሚሆኑ ይነገራል። በሕይወት ሳለ ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት የታተሙት ግን 240 ናቸው።

አሁን ያ በብረት ማቅለጫ የተማረው ወጣት ትዝ ይበለን። ከሺህ አገዳዎች መካከል የብረት በር የሚመስለውን የመረጠው ማን ነው? ዓይኑን በብረት በር የከፈተው ሰው ነው። አገዳው ዓምድ የመሰለው በዙሪያው ያለው ሁሉ ተቆርጦ ብቻውን ስለቆመ ነው። በክምሩ ውስጥ ሳለ ዓምድ አይመስልም ነበር። ስለዚህ የመጽሐፉ ስም ከሚገባው በላይ ተናግሯል ለማለት እደፍራለሁ። የሰው ጥበብ ከተክል እንደተወለደ እነዚህ ፎቶግራፎች አያረጋግጡም። ጥበብ የተማረ ዓይን በተክል ውስጥ ጥበብን ማግኘት እንደሚችል ግን ያረጋግጣሉ።

ታዲያ መምህሩ አታሎናል ማለት ነው? አይመስለኝም። መቀስ ትርፉን ይቆርጣል እንጂ የሌለውን አይጨምርም። የኒጌላው ቀንድ፣ የፖፒው ክዳን፣ የዱባው ሐረግ ጥቅልል በመቀስ የሚሠራ አይደለም። በየሥዕሉ ሥር የሠፈረውም የተክሉ ስምና ስንት እጥፍ እንደጎላ ነው። ይህን ያህል እጥፍ አጉልቼዋለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሄዳችሁ በእውነተኛ መጠኑ እዩት ማለቱ ነው። መምህር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ከብዙው ጥቂቱን መርጦ ያሳያል፤ ከዚያም ተማሪው ወደ ብዙው እንዲመለስ ይልከዋል።

ስለ እኛ ሐረግ

ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ሳያስታውስ አያልፍም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን የከፈተ ሰው በገጹ አናትና ጎን በቀለም የተጠላለፈ ጌጥ ያያል። በተለይ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ብራናዎች ላይ የደረሰበት ደረጃ እጅግ ያስደንቃል። ይህ ጌጥ ስሙ ሐረግ ነው። ሊቃውንት አሣሣሉን ከሌሎች ሀገሮች ጌጥ ጋር ያነጻጽሩታል። ስሙ ግን ከዱባው፣ ከቅሉና ከጫካው መጥቷል። ጠላልፎ የሚሥለውን እጅና በአጥር ላይ የሚጠላለፈውን ተክል አንድ ቃል አገናኝቷቸዋል። ብሎስፌልት 120 ፎቶግራፍ ደርድሮ ሊያሳይ የፈለገውን ነገር ቋንቋችን በአንድ ቃል አኑሮት ነበር ማለት ነው።

ተክሎቹም ቢሆኑ ሩቅ አይደሉም። ብሎስፌልት ያነሣት ኒጌላ ገበያ ላይ የምንገዛው የጥቁር አዝሙድ እኅት ናት። እኛ ዘሩን እናውቀዋለን፤ ለበርበሬና ለዳቦ እንፈልገዋለን። ዘሩ የተቀመጠበትን ባለ ቀንድ ከረጢት ግን ከከተማ ሰው ስንቱ አይቶታል? የግሪኮች ዓምድ አናት ላይ የተቀረጸው ቅጠል አካንተስ ይባላል፤ ብሎስፌልትም አንሥቶታል። በደጋው መንገድ ዳር ቀይ አበባ አውጥቶ የሚቆመው እሾሃሙ ኮሸሽላ የዚያው ወገን ነው። አልፈነው የምንሄደው ልብሳችንን እንዳይዘን እየተጠነቀቅን ነው።

የሀገራችን ደረቅ ተክል በጥናት ዓለም አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ሀገራችን መጥቶ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ብዙ ተክል አድርቆ ወደ አውሮፓ ልኳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየምም ደረቅ ተክሎችን በወረቀት ላይ አስተኝቶ ይጠብቃል። የዚህ ዓይነቱ አያያዝ ዓላማ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ተክሉ ተጭኖ ጠፍጣፋ ሆኗል። «ይህ እንዴት ቆሞ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ግን መስኮትና ካሜራ ያስፈልጋሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ልሞክረው የሚል አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ይወቅ። በአውሮፓ የሥዕል ቤቶች መስኮት ወደ ሰሜን የሚከፈተው ፀሐይ ዘወትር በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ነው። በአዲስ አበባ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የእኛ መስኮት እንደ ወሩ ይለዋወጣል። ስስ ነጭ ነጠላ መስኮቱ ላይ ቢጋረድ፣ ከተክሉ ጥላ በኩል ነጭ ወረቀት ቢቆም፣ የበርሊኑ ብርሃን እዚህም ይገኛል። የክረምቱ ደመናም ያለ ክፍያ ይረዳል።

ብሎስፌልት ሁለተኛ መጽሐፉን በ1932 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በበርሊን አረፈ። ዝናው የቆየው ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 30 ዓመታት ግን ባዶ አልነበሩም። በእነዚያ ዓመታት በየቀኑ አንድ ተማሪ በግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዘር ከረጢት ቀና እያለ ይመለከት ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ የሚሄደው በዚያው መምህሩ አረም በሚለቅምበት ከተማ ነው። ያን ዕለት የመንገዱን ዳር ትንሽ ቀስ ብሎ ሳያይ አልፎ ይሆን?